ወደፊት በኋላ ማርሽ

ኮምቦልቻ ውስጥ መኪናው የቆመችበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው አላህን ነው፤ ቀጥሎ ሸረፈዲንን። አላህ ቶሎ የደረሰለት ጉዞውን ይቀጥላል፤ ያልደረሰለት ወደ ሐርቡ መውጫ፣ ከመንገዱ በስተግራ ወዳለው የቆርቆሮ ጋራዥ እየተገፋ ይመጣል።

ሸረፈዲን ክፉ መካኒክ አልነበረም። ኤንትሬ የሚባለውን የጣሊያን የጭነት መኪና ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ አንዳንዴም ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥመዋል፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። በወጣትነቱ ደሴ፣ የአንድ ጣሊያን ኦፊቺና፣ ማለትም ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። ይህን ሲያወራ «እኔና ሲኞሩ» እያለ ነው። ሲኞሩ ሞተር ሲፈታ ሸረፈዲን ብሎን በናፍጣ ያጥብ እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች አልጠፉም፤ ግን ያሉት ደሴ ነው፤ ለአንድ ወሬ ብሎ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ደግሞ የለም።

አንድ ቃል ካፉ አይወጣም ነበር፦ «አላውቅም»። ጠባዩ የቆየ ቢሆንም በ1971 ዓ.ም. የሚያጸናው ነገር አገኘ። በዚያ ዘመን «አላውቅም» የእስረኛ ቃል ነበር። ውስጥ እግሩን እየተገረፈ «ወላሂ አላውቅም» የሚል ሰው ድምፅ በየግቢው አጥር እየዘለለ ስለሚሰማ፣ ጤነኛ ሰው ስለማያውቀው ነገር ሲጠየቅ «አውቃለሁ» ማለትን ለመደ። ሸረፈዲንማ ሳይለምድ የተወለደበት ነው።

እንግዲህ ጓድ እንየው የሚባል የፖለቲካ ኃላፊ ነበር። ጓድ እንየው አንዲት ላንድሮቨር ነበረችው። ነበረችው ማለት እንኳ ስሕተት ነው፤ የሰፊው ሕዝብ ናት። ቀድሞ የአንድ ፊታውራሪ ነበረች፤ ተወረሰችና ለሕዝቡ ሆነች፤ ሕዝቡ ሥራ ስለበዛበት ጓድ እንየው ይነዳለት ነበር። ቀለሙ የሚባል ዝምተኛ ሾፌር ተመድቦ ሳለ መሪውን የሚይዘው ጓዱ ራሱ ነው። ቀለሙ ጎኑ ይቀመጥና፣ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር ማተቡን ይዳስሳል።

በሚያዝያ አጋማሽ ጓድ እንየው ሐርቡ አካባቢ ስለ ብዝበዛ አስከፊነት ገበሬዎችን ሰብስቦ አስተማረ። ሲመለስ ላንድሮቨሯ ቅቤ፣ ማርና በርከት ያሉ ሙክቶች ጭና ነበር። ገበሬዎቹ በፈቃዳቸው የሰጡት ነው፤ ፈቃዳቸውን ለማግኘት የወሰደው ጊዜም ጥቂት ነው። ቦርከና ዳር ሲደርሱ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች።

«ጓድ፣ እርስዎ ይውረዱና እኔ ቀስ አድርጌ ላውጣት» አለ ቀለሙ።

«አብዮት ቀስ አይልም!» አለና ጓዱ ሞተሩን አስጩሆ፣ ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀው።

ከኋላዋ «ጓ!» የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነዳጅ ቢሰጧት ወፍጮ ውስጥ ድንጋይ እንደገባ ታንኳኳለች እንጂ ፍንክች አትልም። ገበሬዎቹ ተጠሩ፤ ቅድም ሙክት ያመጡት አሁን በሬ አመጡ። ላንድሮቨሯ በጥማድ በሬዎች እየተሳበች ኮምቦልቻ ገባች። ጓድ እንየው መሪውን ይዞ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ሙክቶቹ ከኋላው እየጮኹ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ኮስተር ብሎ «እንኳን ደህና መጡ ጓድ» አለው። ከፊቱ አልፎ እስኪታጠፍ ድረስ ማንም ፊቱን አላላላም።

ሸረፈዲን ከሥሯ ተንፏቆ ገባና እጁን ዘይት አስነክቶ ወጣ።

«ዲፈረንሻሉ ነው ጓድ። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ጥርስ ተፈርፍሯል።»

«የሚያከፋፍል ነው?» ጓድ እንየው ፊቱ በራ። «ሶሻሊስት ነዋ!»

«አዎ ጓድ። ግን ተሰብሯል።»

ቀለሙ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ስማ» አለ ጓዱ። «ሚያዝያ ሃያ ሦስት ለሠራተኞች ቀን ደሴ ላይ ታላቅ ሰልፍ አለ። የኮምቦልቻን ልዑክ የምትመራው ይህች መኪና ናት። የላንድሮቨር ታውቃለህ?»

ሸረፈዲን የላንድሮቨር ዲፈረንሻል ከፍቶ አያውቅም። «እንዴታ! እኔና ሲኞሩ . . .»

«ሲኞሩን ተው፤ ፋሽስት ነው።»

«እኔ ብቻዬን፣ ጓድ።»

መለዋወጫ በገበያ የለም። አንድ ሰው ግን ደጋን ከተማ በእትዬ አትጠገብ ግቢ የሞተች ላንድሮቨር እንዳለች ያውቅ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እትዬ አትጠገብ መኪናዋን የዶሮ ቤት አድርገዋታል። ዶሮዎቹ ወንበሮቹ ላይ ይፈለፍላሉ፤ አውራው መሪው ላይ ያድራል። ጓድ እንየው ግቢያቸው መሃል ቆሞ፣ ለጭቁኑ ሕዝብ ትግል አንድ አካል እንደሚያስፈልግ ረዘም አድርጎ አስረዳ። እሳቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እስኪጨርስ ጠበቁ።

«የፈለግኸውን ውሰድ ልጄ» አሉት። «ዶሮዎቼን ብቻ እንዳታደራጅብኝ።»

ሸረፈዲን ኩስ ላይ በጀርባው ተኝቶ ሲፈታ ዋለ። የኋላ ጎማዎቹን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኙትን ዘንጎች ስቦ አወጣ፤ ከዚያ ያ ከባድ ብረት ደረቱ ላይ ዱብ አለ። ያን ጊዜ የትኛው ወገን ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደነበር ምልክት ማድረግ ነበረበት። «ዶሮዎቹ ተንጫጩብኝና» ሲል ኋላ ለሚስቱ ለሳፊያ ነገራት። ዶሮዎቹ ግን በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር ተኝተው ነበር።

ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ላንድሮቨሯ ጋራዡ ውስጥ በክሪክ ተነሥታ፣ ሸረፈዲን ከሥሯ ያንን ብረት አቅፎ ተጋድሟል። የሚታሠርባቸው ብሎኖች በክብ የተደረደሩ ናቸው። እንዲህ ቢያዞሩትም ይገባል፤ እንዲያ ቢያዞሩትም ይገባል። የተሰበረውን አይቶ እንዳያመሳስል፣ ያኛው ተበታትኖ ናፍጣ ገንዳ ውስጥ ነው።

ቀለሙ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይኸ ወፍራሙ ወገን ወደ ላይ ነበር ወይስ ወደ ታች?»

ሸረፈዲን አፉን ሳይከፍት የጓድ እንየው ጫማ ከጆሮው አጠገብ መሬቱን መታ መታ አደረገ። ጓዱ ሥራውን ሊቆጣጠር ከመጣ ቆይቷል።

«ምንድን ነው የምትከራከሩት? ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

«አውቃለሁ ጓድ!» አለ ሸረፈዲን። ወዲያው ክንዱን ባልከበደው በኩል አዙሮ ገጠመውና ብሎኖቹን ግጥም አድርጎ አሠረ።

ጓዱ ንግግሩን ሊያጠና ሄደ። ዘይት ተሞላ፤ ጎማዎቹ ገቡ፤ መኪናዋ ወረደች። ሸረፈዲን ሥራውን ሊያሳያት ሳፊያን ጠርቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባና ወደ በሩ ሊወጣ ነዳጅ ሰጠ።

ላንድሮቨሯ ወደ ኋላ ሄደች። የጓሮውን ቆርቆሮ ጣሰች፤ ሳፊያ ያሰጣችውን በርበሬ ከነሰሌኑ ደፈጠጠች። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ሁለተኛ አስገባ፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ይበልጥ ፈጠነች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግሁህ?» ጮኸች ሳፊያ።

ቀለሙ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «እስቲ የኋላ ማርሹን ሞክራት።»

የኋላ ማርሹ ሲገባ ላንድሮቨሯ ቀስ ብላ፣ ሥርዓት ባለው አካሄድ፣ ወደፊት ተራመደች። ሁለቱ ወንዶች ተያዩ።

«ገልብጠኸዋል» አለ ቀለሙ።

«ያ ረቢ!»

«ፍታውና አዙረው።»

«እንዴት አድርጌ? ፀሐይ ገባች። መብራት የለኝ። በሰዓት እላፊ ብረት ሲያንኳኳ የተገኘ ሰው ምን እንደሚባል አታውቅም?» ሸረፈዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሻጥረኛ ነው የሚባለው።»

ይህ ቃል ቀልድ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ቀበቶ ተበጥሶበት አሻጥረኛ ተብሎ ተወስዷል፤ ቀበቶው ተቀጥሎ ወፍጮው ይፈጫል፤ ሰውዬው ግን አልተመለሰም። ሳፊያ በርበሬዋን መልቀሟን ትታ ባሏን አየችው። ከዚያ በኋላ ስለ በርበሬው አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ንጋት ላይ ጓድ እንየው ቀይ ሻሹን አንገቱ ላይ አሥሮ መጣ። ከኋላው ልዑካኑን የጫነች ሎንቺና አውቶቡስ አለች። ሸረፈዲን ሲያሰላስል ያደረውን ባንድ ትንፋሽ አወረደው።

«ጓድ፣ ጥርሱ ገና ሮዳጅ ላይ ነው። ከመኪናዋ ጋር እስኪላመድ ቀለሙ ብቻ ይንዳት። ሌላ እጅ ከነካት ይጣላታል።»

«እስከ መቼ ነው የሚላመደው?»

«በዓሉ እስኪያልፍ።»

ጓዱ ቅር እያለው ጎን ተቀመጠ። ቀለሙ ጋቢውን ከጭኑ ላይ አውርዶ በማርሹ ላይ ጣል አደረገና፣ ከጋቢው ሥር የኋላ ማርሽ አስገባ። ሸረፈዲን የመፍቻ ሣጥኑን አቅፎ ከኋላ ተቀመጠ። የፊት ጎማዎቹ ጉልበት መቀበል ካቆሙ ዓመታት ስላለፉ፣ መኪናዋ ያላት ያ የተገለበጠ ብረት ብቻ ነው።

ሐረጎን እንዲያ ሆነው ወጡት። ሞተሩ እሪ ይላል፤ መኪናዋ ትድሃለች። እንጨት የጫኑ አህዮች ደርሰው ቀደሟቸው፤ የአህዮቹ ባለቤት ዞር ብሎ አየና፣ ቀዩን ሻሽ ሲያይ ቶሎ ፊቱን መለሰ። ሎንቺናዋ ላይ ያሉት ልዑካን የሚያውቁትን መዝሙር ሁሉ ዘምረው ጨረሱ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ኋላም ዝም አሉ።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አለ ጓድ እንየው።

«ሮዳጅ ነው» አለ ቀለሙ።

«ጋቢው ለምንድን ነው?»

«ማርሹ ብርድ አይወድም፤ ሮዳጅ ነው።»

ሆጤ ሜዳ ሲደርሱ ሰልፉ ተጀምሮ ነበር። ሜዳው በሰው ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ትልቅ ጓድ ተቀምጠዋል፤ ፎቶ አንሺም አለ። የኮምቦልቻ ልዑክ ከማርሽ ባንዱ ፊት እንዲገባ ተደረገ። ከመኪናዋ ጎን «ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም!» የሚል ቀይ ጨርቅ ተወጠረ። ጓድ እንየው ፎቶ አንሺውን አየ፤ መነጽሩን አየ፤ ጎን የተቀመጠ ሰው በፎቶ ላይ ምን እንደሚመስልም አሰበ።

«ቀለሙ፣ ውረድ።»

«ጓድ፣ ሮዳጁ . . .»

«ውረድ አልኩህ!»

ቀለሙ ጋቢውን ይዞ ወረደ። ሸረፈዲን ከኋላ ወንበር ላይ ወደፊት ጎንበስ አለ። መናገር ነበረበት፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። «ጓድ፣ ማርሹን ሲያስገቡ . . .» ብሎ ጀመረ።

«ልታስተምረኝ ነው?» አለ ጓዱ ሳይዞር።

«አይ ጓድ።» ሸረፈዲን ሣጥኑን አጥብቆ አቀፈና በልቡ ሸሃዳ ያዘ።

ድምፅ ማጉያው አስተጋባ፦ «አሁን የኮምቦልቻ ልዑክ! በአብዮታዊ እርምጃ! ወደፊት!»

ጓድ እንየው ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ አነሣ፤ በቀኙ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ነዳጁን ረገጠ። ላንድሮቨሯ በአብዮታዊ እርምጃ ወደኋላ ሄደች። መለከት ነፊዎቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። ከበሮ መቺው ከበሮውን ጥሎ ዘለለ፤ ከበሮው የመጨረሻውን ድምፅ አውጥቶ ከጎማው ሥር ተጨፈለቀ። ጓዱ የተሳሳተ ማርሽ ያስገባ መስሎት ሁለተኛ አስገባ። አሁን ወደኋላው ፍጥነት ሆነ። ሦስቱ ባለጢሞች በትልቅ ሸራ ተሥለው ይመጡ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ሸራውን ይዘው ሮጡ፤ ባለጢሞቹ እየተንገዳገዱ ሸሹ።

«ፍሬን ጓድ! ፍሬን!» ቀለሙ ከጎን እየሮጠ ይጮኻል።

ቆመች። ሞተሩም ጠፋ። ቀዩ ጨርቅ ግማሹ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ የቀረው ጽሑፍ «ወደኋላ» ብቻ ነው።

በሆጤ ሜዳ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድም ሰው አልሳቀም። መሳቅ የሚያመጣውን ሁሉም ያውቃል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። አንድ ሽማግሌ ሰማይ ሰማዩን እያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። የልዑኩ ሰዎች ደንግጠው ከሎንቺናዋ ወረዱና፣ ማንም ሳያዛቸው፣ መኪናዋን ከኋላ ተረባርበው ወደፊት መግፋት ጀመሩ። ምን ያድርጉ? ከመድረኩ ፊት ቆማ እንዳትቀር ብቻ ነው ያሰቡት።

ድምፅ ማጉያውን የያዘው ሰው ሚስትና ልጆች ነበሩት። ትንፋሽ ሳበና ለነፍሱ ሲል ተናገረ።

«ጓዶች! ይህ . . . ይህ ተምሳሌት ነው! ይህች የፊውዳሉ መኪና ናት! አድኃሪነት ወደኋላ ሲጎትተን አያችሁ? አሁን ደግሞ ተመልከቱ፤ ሰፊው ሕዝብ በክንዱ ወደፊት ሲገፋው!»

ትልቁ ጓድ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ቆም ብለው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ሜዳው ፈነዳ። ሕዝቡ ይዞት የቆየውን ሳቅ ሁሉ በእልልታና በጭብጨባ አድርጎ አወጣው። እንባቸው እስኪወርድ ያጨበጨቡ ነበሩ። ደሴ ለአብዮቱ እንዲያ ከልቧ ደስ ብሏት አታውቅም።

ሰልፉ ሲያበቃ ሁለት ወታደሮች መጡና ሸረፈዲንንና ጓድ እንየውን ከመድረኩ ጀርባ ወሰዷቸው። ሸረፈዲን በመንገድ ላይ ለሳፊያ ማን እንደሚነግራት አሰበ። ቀለሙ ይነግራታል፤ ባጭሩ ይነግራታል። ይህ ትንሽ አጽናናው።

«ይህን ማን አሰበው?» አሉ ትልቁ ጓድ።

ጓድ እንየው ፊቱ እንደ አመድ ነበር። የጠያቂውን ፈገግታ ሲያይ ደሙ ተመለሰ። «እኔ ነኝ ጓድ! በእኔ መሪነት ነው።»

«ወደኋላ እንድትሄድ ማን ሠራት?»

«ይኸ ሠራተኛ፣ በእኔ መመሪያ።»

ትልቁ ጓድ ወደ ሸረፈዲን ዞሩ። «አስበህበት ነው የሠራሃት?»

«አ . . . አዎ ጓድ።»

«ግሩም! ከእንግዲህ በየበዓሉ ይህ ይቀርባል። መስከረም ሁለት፣ በአብዮቱ በዓል፣ እንደገና እናየዋለን።» ጣታቸውን ሸረፈዲን ላይ ቀሰሩ። «እንዳለች ትቆይ። ማንም እንዳይነካት። ብትበጅ አንተን ነው የምጠይቀው።»

ጓድ እንየው ያን ጊዜ ነው የገባው። «ጓድ፣ የገጠር ሥራዬ . . . መኪናዋ ሳትበጅ . . .»

«ሐሳቡ የራስህ አይደለም እንዴ?»

«ነው ጓድ።»

እንዲህ ሆኖ ላንድሮቨሯ ለበዓል የተቀመጠች ንብረት ሆነች፤ ሸራ ለብሳ፣ ዘበኛ ቆሞላት። ጓድ እንየው ገጠር ሲወርድ በአውቶቡስ ነው፤ በአውቶቡስ የመጣ ሰው ደግሞ ሙክት ጭኖ አይመለስም። በዚያ ክረምት የሐርቡ በግ ዕፎይ አለ። ሸረፈዲን «ኮከብ ሠራተኛ» ተብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው መዶሻ ሲፈልግ ሳፊያ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ስንቱን መኪና አበጅተህ ማንም አልሸለመህ» አለችው። «ባላበጀኸው ተሸለምህ። አጂብ ነው!»

ሰቀለው፤ ግን ደንበኛ ሲያነብለት ደስ አላለውም። ማታ ማታ ስለዚያ ብረት ያስባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ ፈትቶ ማዞር ብቻ ነው። አንድ ቀን ሳያስበው መፍቻውን ይዞ መኪናዋ እስካለችበት ግቢ ደረሰ። ዘበኛው «ምን ፈለግህ?» ሲለው «ላያት ነው» ብሎ ተመለሰ።

መስከረም ሁለት ዝናብ ጣለ። ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ለሰልፉ ተጠርተው መጡ። አረም ጊዜ ነበር፤ እርሻቸውን ትተው ነው የመጡት፤ ግማሾቹ መኪናዋን እንዲገፉ ተመደቡ። ሸረፈዲንም ምናልባት ብትበላሽ ተብሎ ከነመፍቻ ሣጥኑ ከኋላ ቆሟል። በምን መልኩ ብትበላሽ እንደሚያበጃት ግን ማንም አልነገረው።

ጓድ እንየው እንደ ልማዱ ወደኋላ ነዳት፤ ባንዱም በጊዜ ዘወር አለለት፤ ከበሮ መቺው ካለፈው ተምሯል። ለመግፋት ጊዜው ሲደርስ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ጠልቀው ቀሩ። ገበሬዎቹ ትከሻቸውን አዋድደው ታገሉ። አልነቃነቅ አለች።

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ላቡን በእጅጌው ጠረገና ሸረፈዲንን አየው። «አንተ ነህ አሉ የሠራሃት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማበጀቱ እንዲህ ያቅታል?»

«አያቅትም። ተከልክሏል።»

ገበሬው ጭቃውን አየ፤ መሪውን ይዞ ደረቅ ልብሱን ለብሶ ለሕዝቡ እጁን የሚያወዛውዘውን ጓድ እንየውን አየ። እንደገና ወደ ሸረፈዲን ዞረ።

«ታዲያ ሣጥን አቅፈህ ምን ትሠራለህ? ና ትከሻህን አምጣ።»

ሸረፈዲን ሣጥኑን ጭቃው ላይ አስቀመጠ። በገበሬዎቹ መሃል ገብቶ እርጥቡን ብረት ተደገፈ፤ ድምፅ ማጉያው «ወደፊት!» ሲል ጥርሱን ነክሶ ገፋ።